የመርዶ ነጋሪዋ ጥያቄ

ቀን ቀን ጭሮ ውስጥ ውቢትን የማይወድ የለም። መናኸሪያው አጠገብ የነበረችው ሻይ ቤቷ ከተዘጋች ዓመታት ቢያልፉም፣ የድሮ ሾፌሮች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት መኪናቸውን ጥግ አስይዘው «ውቢትዬ፣ ያ ዝንጅብል ያለበት ሻይሽ በሕልሜ ይመጣል» ይሏታል። እሷም «በሕልምህም ስኳር እንደምታበዛ አውቃለሁ» ትልና ታልፋለች።

ጎህ ሲቀድ ግን ውቢትን በራፉ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው የለም። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ፣ ከኋላዋ ሰዎች አስከትላ በዚያ ሰዓት ከመጣች፣ የመጣችበት ጉዳይ አንድ ነው። ውቢት የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ናት።

ማንም አልሾማትም። ድሮ፣ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ፣ የሞት ወሬ ወደ ጭሮ የሚመጣው በመኪና ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚያልፍ ሾፌር ሻይ እየጠጣ «እገሌ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ? ወንድሙ አርፏል፤ ንገሪልኝ» ይላትና መንገዱን ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ «እኔን ምን አገባኝ» ትል ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ሾፌር ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ እንስራ አዝላ ለምታልፍ ሴት «ባልሽ አዋሽ ላይ ሞቷል» ሲላት አየች። ሴትየዋ ከነእንስራዋ ወደቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ውቢት የመጣውን ወሬ ሁሉ ተቀብላ፣ ትኩስ ድስት በጨርቅ እንደሚያዝ አድርጋ ትይዘው ጀመር።

ሥራው የራሱ ወግ አለው። መርዶ ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱ ይረዝማል። ያልበላ ሰው አይነገረውም፤ ከዚያ በኋላ እህል በጉሮሮው አይወርድለትም። ስለዚህ በዋዜማው አንዲት ጎረቤት ድንገት ጎራ ትልና «እስቲ ዛሬ አብረን እንብላ» ትላለች። ራሱን የሚጥል አይጠፋምና ጉልበት ያለው ሰው ከኋላ ይቆማል፤ የሚሰበርና የሚወጋ ነገር ቀደም ብሎ ይነሳል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ውሸቱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ትንሽ አሞታል። ሐኪም ቤት ገብቷል። ጠንቶበታል። ያን ጊዜ ሰውየው አፈር ከለበሰ ሰንብቷል። ዘመኑ ሲለወጥ ውቢትም ወጉን አስተካከለች። የሐዘን መልእክት በፌስቡክ ቀድሞ እንዳይደርስ፣ «ላሠራልሽ፣ ቻርጅ ላድርግልሽ» እያሉ ስልክ መውሰድን ለሰፈሩ ወጣቶች ያስተማረች እሷ ናት። ሌላም ሕግ አላት፤ ከባለ መርዶው ጋር አንድ ቤት የሚያድር ሰው መጨረሻ ነው የሚሰማው። «ፊት ይናገራል» ትላለች። «አፍሽን ብትይዢ ፊትሽን በምን ትይዢዋለሽ?»

የእድሩ ዳኛ አቶ ዘገየ ይህን ሁሉ እንደ መተዳደሪያ ደንብ ተቀብለውታል። ውቢት ግን ያንን ወግ አንድ ቀን በራሷ ቤት ላይ አዙራ አስባው አታውቅም ነበር። ባሏ እጇ ላይ ነው ያረፈው፤ ነጋሪ አላስፈለጋትም። ከዚያ በኋላ የቀራት አንድ ልጇ ዳግማዊ ብቻ ነው።

ዳግማዊ መቻራ ከተማ ውስጥ ጤና መኮንን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መዋሸት የማይሆንለት ልጅ ነበር። ስኳር ሰርቆ ሲያዝ ሌሎች ልጆች «እኔ አይደለሁም» ይላሉ፤ እሱ አፉን ገጥሞ ወለሉን ያያል። ውቢት «አሁንማ ነገርከኝ» ትለውና ትስቅ ነበር። አድጎም አልተለወጠ። ሚስቱ ሕይወት ከደሴ ተመድባ የመጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ከውቢት ጋር ጭሮ ትኖራለች፣ ዳግማዊ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አማትና ምራት አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት፤ የሕይወት ሆድ ገፍቶ ከመጣ ወዲህ ውቢት ብቻዋን እንድትተኛ አልፈቀደችላትም።

ሕይወት ለተማሪዎቿ እንቆቅልሽ ትሰበስባለች። ክፍል ውስጥ ከመጠየቋ በፊት ውቢት ላይ ትሞክረዋለች።

«እማዬ፣ አሰቦት ገዳም ሊሳለሙ ወጥተዋል እንበል» አለቻት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች።

«በእግሬ ነው በመኪና?»

«በእግርዎ። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ገዳሙ ያደርስዎታል፤ ሌላው ውሃ የሌለበት በረሃ ውስጥ ይጥልዎታል። መገንጠያው ላይ ሁለት ወንድማማቾች ቆመዋል። አንዱ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይዋሻል። የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። የተፈቀደልዎት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።»

«እናታቸውን ነዋ የምጠይቅ።»

«እናታቸው የለችም።»

«እንግዲያው ገዳም የሚሄድ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

ሕይወት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ወይ እማዬ! እርስዎን ክፍል ውስጥ ባስቀምጥ ልጆቹ ሁሉ ይረብሹልኝ ነበር። ይስሙኝ። አንዱን ይይዙና ‹ወንድምህን ብጠይቀው ገዳሙ በየት ነው ይለኛል?› ይሉታል። እውነተኛው የወንድሙን ውሸት እንዳለ ይነግርዎታል፤ ውሸታሙ የወንድሙን እውነት ይገለብጠዋል። ማንኛቸውንም ቢጠይቁ የሚያሳይዎት የበረሃውን መንገድ ነው። እርስዎ በሌላኛው ይሄዳሉ።»

ውቢት ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አቆመች፤ ነገሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አየችው።

«ይሄ ውሸታምሽማ ምን ይወጣለታል፣ የታመነ ሰው ነው» አለች። «ሁልጊዜ ከዋሸ እኮ ቃሉን ገልብጦ መያዝ ነው። የኛ ሰፈር ውሸታም እንዲህ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ እውነት ሲነግርሽ ይከርምና፣ ሲያዝንልሽ ብቻ ይዋሻል።»

«እንደርስዎ ማለት ነው።»

«እንደኔ ማለት ነው።»

ሕይወት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንደሱ ከሆነማ እንቆቅልሹ ይፈርሳል። ስለ አንድ ሰው ቢጠይቁ፣ ሰውየው ቢኖርም ‹ደህና ነው› ይሉዎታል፤ ቢሞትም ‹ደህና ነው› ይሉዎታል። መልሱ አንድ ከሆነ መጠየቅ ምን ያደርጋል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ስለ ሰውየው አለመጠየቅ። ውሸታሙ ውሸት ያላዘጋጀበትን ሌላ ነገር መጠየቅ ነው። ግን መልሱ፣ ሰውየው ሲኖርና ሳይኖር የሚለያይ መሆን አለበት።»

«እሱን ለተማሪዎችሽ ተይላቸው» አለች ውቢት። ነገሩ ግን ልቧ ውስጥ ቀረ።

ይህ በሆነ ሰሞን ዝናቡ በረታ። ዳግማዊ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። «መንገዱ ጭቃ ሆኖበት ይሆናል» ተባባሉ። እሑድ ስልኩ ዝግ ነበር። ሰኞም ዝግ ነበር። ውቢት በትንሿ ስልኳ ትደውላለች፤ ያቺ ስልክ ውስጥ ያለች የማትሰለች ሴትዮ ያንኑ ነገር ትነግራታለች። ማክሰኞ ሕይወት ትምህርት ቤት እንደሄደች ውቢት መናኸሪያ ወረደች። ከመቻራ የገባ ሾፌር አገኘች፤ የድሮ ደንበኛዋ ነው።

«ሐኪሙ ዳግማዊ? ትናንት ጠዋት ቦርሳ ይዞ ሲሳፈር አይቼዋለሁ» አላት። «ቤት አልገባም እንዴ?»

«ገብቷል» አለች ውቢት። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። እውነቱን ብትል ነገሩ የሚቆም፣ የሚጸና መሰላት። ዘወር ስትል ሁለት ረዳቶች ሲያወሩ ሰማች፤ በመቻራ መንገድ ላይ፣ በዴሳ ከተማ አካባቢ ትናንት አንድ ሚኒባስ ተገልብጧል። ከየት የመጣ ነው አይታወቅም። ሰው ተጎድቷል ይላሉ።

 አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ጆንያው የሰው ነበር፤ ባለቤቱ ግን ፊቷን አይቶ ጠጋ አደረገላት።

ከሰዓት በኋላ ፋሩቅ መጣ። ፋሩቅ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የዳግማዊ አብሮ አደግ። ውቢትን «አዮ» ነው የሚላት፣ በኦሮሞኛ እናቴ እንደማለት። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ከውጭ ጀምሮ ጥሩምባውን እያስጮኸ ነው። ያን ቀን ባጃጁን ከሩቅ አቁሞ በእግሩ ገባ። ሕይወት ከትምህርት ቤት ተመልሳ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ ያ ስልክሽ ስክሪኑ እንቢ ይላል አላልሽም? ስጪኝ፣ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ነገ አመጣልሻለሁ።»

«አሁንማ ይሻላል።»

«ኧረ ስጪኝ! ነገ ደግሞ ይብሳል።»

ሕይወት ሰጠችው። ፋሩቅ ስልኩን ኪሱ ከተተና ውቢትን ሳያያት ወጣ።

ውቢት በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን አየች። ያንን አነጋገር ታውቀዋለች። «ነገ ደግሞ ይብሳል በል፣ ያን ጊዜ እምቢ አይሉህም» ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት።  ማጀት ገብታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። የባል ሞት መጀመሪያ የሚወጣው በሚስት ስልክ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብለው ይጽፋሉ። ስለዚህ የሕይወትን ስልክ ወሰዱ። የእሷን ትንሽ ስልክ ማን ይፈልገዋል?

ማታ እራት ላይ ሁለቱም እንጀራውን ያዞሩታል እንጂ አይበሉም። ውቢት የሕይወትን ሆድ አየች። ይህች ልጅ በፍርሃት ብቻ አንድ ነገር ብትሆንስ?

«ረስቼው» አለች ድምጿን አስተካክላ፣ «ዳግማዊ ቀን ደውሎ ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው። ሰላም በያት ብሎሻል።»

ሕይወት ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በርቶ ወዲያው ጠፋ። «እ... እኔም አነጋግሬዋለሁ። ደህና ነው።»

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ውቢት አመነች። አነጋግራዋለች! ወዲያው ደግሞ ራሷ አሁን ያለችው ነገር ትዝ አላት፤ እሷ ከዋሸች ምራቷስ?

«በምን ስልክ?» አለች ቀስ ብላ።

ሕይወት እንጀራውን ትንሽ ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። አንዷ ለሌላዋ አዝና እንደዋሸች ሁለቱም አወቁ።

ረቡዕ ጠዋት ሳቢት መጣች። ሳቢት ገበያ ጫት ትሸጣለች፤ ከውቢት ጋር በአንድ አጥር ተዋስነው ነው ያረጁት። ለዝናቡም፣ ለፀሐዩም፣ ለጫቱ ትኩስነትም ዋላሂ የምትል ሴት ናት። በገበያ ሰዓት ድስት በጨርቅ ጠቅልላ መምጣቷን ውቢት አየች።

«ነይ እስቲ ዛሬ አብረን እንብላ» አለች ሳቢት።

 «ገበያሽስ?»

«ገበያ የት ይሄዳል! ብዪ፣ ከስተሻል።»

«ሳቢት፣ ልጄ የት ነው?»

«ዳግማዊ? ደህና ነው! ዋላሂ ደህና ነው! አብሽሪ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ? እኔ እናቱ ድምፁን ሳልሰማ አንቺ በምን አውቀሽ ነው የምትምዪው?»

ሳቢት ተደናገጠች። ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ አማሰለች። «እንዲያው... ልቤ ነግሮኝ ነው። ብዪ በቃ።»

ልቧ ነግሯት! ውቢት ይህንንም ታውቀዋለች። በምን አወቅሽ ሲሏት ስንት ጊዜ «ልቤ ነግሮኝ» ብላለች። ጎረሰች። ምግቡ አፈር አፈር አላት፤ ግን ዋጠችው። የዋዜማ ምግብ መሆኑን አውቃ፣ መብላት እንዳለባት ስለምታውቅ ዋጠችው።

ሳቢት ወደ ጓሮ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ነው የምራቷ ቃል የመጣላት። ስለ ሰውየው አለመጠየቅ። ውሸት ያላዘጋጁበትን ሌላ ነገር መጠየቅ። ውቢት አሰበች። መርዶ ካለ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ለዚያ ደግሞ ባለ መርዶዋ ቤቷ መገኘት አለባት። ስለ ዳግማዊ ስትጠይቅ ሁሉም አንድ መልስ አዘጋጅተዋል፤ ስለ ነገ ጠዋት ብትጠይቅስ?

ሳቢት እጇን እያራገፈች ስትመለስ ውቢት ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

«ነገ ጎህ ሳይቀድ አሰቦት ልሄድ ነው» አለቻት። «ሕይወት በሰላም እንድትገላገል የተሳልኩት አለ። አንድ ሁለት ቀን እቆያለሁ።»

«ነገ? ኧረ ነገ አይሆንም!» ሳቢት ጮኸች ማለት ይቻላል። «ነገ ጠዋት ቤትሽ ሁኚ። እኔ... እፈልግሻለሁ። የሚመጣ ሰው አለብኝ፣ ታግዢኛለሽ።»

ውቢት አንድ ሰው ብቻ ጠይቃ መደምደም አልፈለገችም፤ ውሃ እንደወሰደው ሰው የምትጨብጠው አረፋ ፈለገች። መንገድ ዳር ወጥታ ፋሩቅን አገኘችው።

«ፋሩቅ ልጄ፣ ነገ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ታደርሰኛለህ? አሰቦት ልሄድ ነው።»

«ነገ... ነገ ባጃጄ ጋራዥ ነው አዮ።»

«ይኸው እዚህ ቆሟል እኮ።»

«ነገ ይገባል ማለቴ ነው። ቅዳሜ ሂጂ፣ እኔ ራሴ እስከ ገዳሙ አደርስሻለሁ። ነገ ግን የትም አትሂጂ፣ እሺ አዮ? እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች ውቢት።

ሁለቱ ምክንያታቸው ለየቅል ነው፤ መልሳቸው ግን አንድ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ቤቷ እንድትገኝ ይፈልጋሉ። ጥያቄው ሠርቷል። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

ወደ ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። የእድሩ ዕቃ ቤት ክፍት እንደነበርና አቶ ዘገየ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋት ፊታቸውን እንዳዞሩ ግን አይታለች። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ነው «ውቢትዬ!» የሚሏት።

መጮህ ትችል ነበር። ሄዳ አንገታቸውን ይዛ «ንገሩኝ» ማለት ትችል ነበር። ግን ሕይወት አለች። ማታ ላይ ጩኸት ቢነሳ፣ ያቺ ልጅ ጽንሷን ይዛ ሌሊቱን እንዴት ታሳልፈዋለች? ውቢት በሰው ቤት ስታደርግ የኖረችውን በራሷ ቤት አደረገች። የጠረጴዛውን ሹል ጥግ በብርድ ልብስ ሸፈነች። ቢላዋውንና ብርጭቆዎቹን ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሕይወት የምትወድቅ ከሆነ በምን በኩል እንደምትወድቅ ገምታ ፍራሹን አስጠጋች። ውሃ ቀድታ አጠገቡ አኖረች። የዳግማዊ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ሊወርድ ይገባዋል፣ ሰው ፎቶ አቅፎ ራሱን ይጎዳል። ወደ ፎቶው ሄደች። እጇ ግን አልታዘዛትም። እንዳለ ተወችው።

«እማዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሕይወት ከበሩ።

«ቤት እያስተካከልኩ።»

«ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ?»

«ያስጠላኛል እንጨቱ።»

ሕይወት ወደ ፍራሹ፣ ወደ ውሃው አየች።  መጥታ ከውቢት አጠገብ ተቀመጠች። እጇ በረዶ ነበር። እንደዚያው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆይተው ተኙ፤ ውቢት ልብሷን አላወለቀችም።

ሊነጋጋ ሲል ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ ሰማች። መርዶ ነጋሪ በር አያንኳኳም፤ በጣቱ ጫፍ ይዳስሰዋል። ውቢት የሰው በር እንዲህ ስትዳስስ ኖራለች። ከውስጥ ሆና ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ቀስ ብላ ተነሳች። ሕይወት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። በሩን ከፍታ ወጣችና ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

አቶ ዘገየ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ሳቢት አለች፤ ፋሩቅ አለ።

«ደረጃውን ይተዉት ጋሼ ዘገየ» አለች ውቢት። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር። «አሞታል አይበሉኝ። ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የልጄ ሬሳ የት ነው?»

አቶ ዘገየ ደነገጡ። «የምን ሬሳ? ምን ነካሽ አንቺ ሴት? ልጅሽ ይኸው!»

ከፋሩቅ ጀርባ አንድ ሰው ወደፊት ወጣ። ዳግማዊ ነበር። ሸሚዙ እጅጌው ላይ ደም ደርቆበታል። ውቢት ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጉንጩን፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን ሁሉ ዳሰሰች። ደሙን ስታይ ልትጮህ ስትል ሳቢት አፏን ያዘቻት።

«የኔ አይደለም እማ» አለ ዳግማዊ በሹክሹክታ። «በዴሳ ላይ ሚኒባስ ተገልብጦ ደረስኩ። የተጎዱትን ጥዬ መምጣት አልቻልኩም፤ በሰው ስልክ ለፋሩቅ አስታወቅኩት። ትናንት ማታ ነው የገባሁት፤ ጋሼ ዘገየ ቤት አደርኩ።»

«ከቤቴ ሁለት አጥር አልፈህ? ስልክህን ዘግተህ?»

«ምን ብዬ ልደውል? የሕይወት አባት ጋሼ ህሩይ ዓርብ ዕለት አረፉ። ወንድሟ ለኔ ነገረኝ። ለፋሩቅ ነገርኩና ስልኩን ዘጋሁት። እሷ ‹ደህና ነህ?› ብትለኝ፣ ‹ቤተሰብ ደህና ነው?› ብትለኝ ምን እላታለሁ? እኔ እንደሌላው አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ። እኔ ባለሁበት መነገር ነበረበትና፣ ሥራዬ ላይ የሚተካኝ ሰው እስኪገኝ ጠብቄ ሰኞ ተነሳሁ።»

«ለአንቺም መጨረሻ ነው የሚነገር አልን» አሉ አቶ ዘገየ አንገታቸውን ደፍተው። «አንድ ቤት ታድራላችሁ። ያንቺው ሕግ ነው ውቢት። ነገ ቤት ሁኚ ያልንሽም አንቺ ሳትኖሪ ማን ይነግራታል ብለን ነው።»

ውቢት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። እልል ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ልጇ አለ። ሳቢት ዋላሂ ያለችው እውነቷን ነበር። ዳግማዊም ስልኩን የዘጋው፣ እንደ ልጅነቱ አፉን ገጥሞ ወለሉን ማየቱ ነበር። እግዚአብሔርን ልታመሰግን ወደ ሰማይ ቀና ስትል ግን የሰው ሞት ተሸክማ እንደቆመች ትዝ አላት፤ የአንዲት ልጅ አባት ሞት።

በሩ ከኋላዋ ሲጢጥ አለ።

ሕይወት በባዶ እግሯ ቆማለች። ዳግማዊን አየችው። ፊቷ ሙሉ በሙሉ በራ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ውቢት በሰው ፊት ላይ አይታ አታውቅም። ሕይወት አንድ እርምጃ ወደ ባሏ ሄደች። ቀጥላ አቶ ዘገየን አየች። ሳቢትን አየች። ፋሩቅ ቀስ ብሎ ወደ ጀርባዋ ሲዞር አየች። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን አንድ በአንድ ሲጠፋ ውቢት ቆማ ተመለከተች፤ ሊቆም የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

«እማዬ» አለች ሕይወት። «ዳግም እዚህ ከሆነ... ማን ነው?»

የውቢት አፍ በልማዱ ተከፈተ። ትንሽ አሟቸው ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዓመታት ሙሉ ያገለገላት ቃል ነው።

«እማዬ፣ ለኔ ብለው አይዋሹኝ። ከአንድ ሰው እንኳ እውነቱን ልስማ።»

ውቢት ሄዳ አቀፈቻት። አንዱን ክንዷን ከብብቷ ስር፣ አንዱን ከሆዷ በታች አደረገች። ዳግማዊ ከጎን ደረሰ።

«አባትሽ ነው ልጄ» አለች። «ሞተዋል። ዓርብ ነው የሞቱት።»

እንዲህ አድርጋ ነግራ አታውቅም፤ ያለ ደረጃ፣ በአንድ ትንፋሽ።  የሕይወት ክብደት ሁሉ ውቢት ክንድ ላይ መጣ፤ ቀጥሎ ጩኸቱ ወጣ፣ ከአጥር አጥር ተሻገረ፣ የሰፈሩ በሮች መከፈት ጀመሩ። ውቢት እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም። ከእጇ ስር ያለው ነገር ዝም ብሏል። ተንቀሳቀስ፣ አለችው በልቧ፣ እባክህ ተንቀሳቀስ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ የመሰላት ጊዜ አልፎ፣ ከውስጥ አንዲት ትንሽ ምት መዳፏን ነካችው።

ጎረቤት ወደ ግቢው እየገባ ነበር። ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው የመርዶ ነጋሪዋን ፊት ነው። ውቢት ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋም የእውነት ነው፤ ግን ፊቷ ላይ ሌላ ነገር እንዳለ ይታወቃታል፣ ልጇ ከጎኗ ቆሞ እየተነፈሰ እንዴት አይኖርም! አፏን መያዝ ትችልበታለች። ፊቷን ግን የሕይወት ትከሻ ውስጥ ቀበረችው፤ አልበቃም።

ሳቢት ከማዶ አየቻት። አንድ አፍታ ብቻ ነው ያየቻት። መጣችና የራሷን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታ፣ ሐዘንተኛ እንደሚሸፋፈን አድርጋ የውቢትን ፊት ሸፈነችው።